የቆሽት ምርመራ፤ ከኔ እንዳልሰማችሁ

ጠጋ በሉማ። በሩንም መለስ አድርጉት።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ክፍል በር ላይ ስም እየጠራሁ ያረጀሁ ነርስ ነኝ። የቱ ሆስፒታል እንደሆነ አትጠይቁኝ። ወረቀት እቀበላለሁ፣ በሽተኛ አስተኛለሁ፣ ውጤት አስረክባለሁ። ሰው ሁሉ ዓይኑ ማሽኑ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከማሽኑ በፊትና በኋላ የሚሆነውን አያለሁ። ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

የዛሬው ወሬዬ ስለ ቆሽት ነው። ቆሽት ለዓመታት ቀስ በቀስ እየተቃጠለ፣ እየጠነከረ፣ ውስጡ ጠጠር እየሠራ የሚሄድበት ሕመም አለ። ሐኪሞቹ ክሮኒክ ፓንክሪያታይቲስ ይሉታል፤ እኛ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት እንበለው። ከእምብርት በላይ ይጀምርና ጀርባን ይበሳል። ከተበላ በኋላ ይብሳል። ጎንበስ ሲሉ ትንሽ ፋታ ይሰጣል። ይሄን ሕመም አገኛለሁ የሚል ምርመራ ደርዘን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ዋጋውም ከምሳ ሒሳብ እስከ በሬ ዋጋ ይደርሳል። የቱ ይሻላል? ሁሉም ሰው በሹክሹክታ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው። እመልሳለሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ምስጢር ግን ማሽን ውስጥ የለም፤ አንዲት ወረቀት ላይ ያለች አንድ መስመር ናት። ቆዩ፣ እደርስባታለሁ።

መጀመሪያ እኛ በር ከመድረሳችሁ በፊት ያለውን መንገድ ላንሳ፤ ዓመታት የሚጠፉት እዚያ ነው። ከእምብርቱ በላይ ያመመው ሐበሻ ምን ይላል? "ጨጓራዬ ነው።" ጎረቤቱም ጨጓራ ነው ይለዋል። ፋርማሲውም ኦሜፕራዞል ያቀብለዋል። ከዚያ ኤች ፓይሎሪ ይመረመራል። ይገኝበታል። ለምን አይገኝበትም! ይቺ ባክቴሪያ በስንቱ ሰው ሆድ ውስጥ ኮሽ ሳትል ትኖራለች። መገኘቷ የሕመሙ ጥፋተኛ እሷ መሆኗን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ "ፖዘቲቭ" የሚል ቃል ሲታይ ሁሉም እፎይ ይላል። ሐኪሙም፣ በሽተኛውም። ካልተሻለው ደግሞ ያቺ የታወቀች ጥንድ ትመጣለች፤ "ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎብሃል።" ይሄን ተብሎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። የታይፎይዱ የዊዳል ምርመራ ድሮ ያለፈ ኢንፌክሽን ጥሎት የሄደውን አሻራ ጭምር እንደሚቆጥር የሚነግራችሁ የለም። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ነው የተኛው፤ ሆዳችሁ ውስጥም፣ ካርዳችሁ ላይም።

ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት በተደጋጋሚ ወስዳችሁ አልመለስ ያለ ሕመም ካለባችሁ፣ ሐኪሙ ፊት እነዚህን ቃላት ጣል አድርጉለት፦ ጀርባዬን ይወጋኛል፤ ቅባት ስበላ ይብስብኛል፤ ከስቻለሁ፤ ሰገራዬ ቅባት አለው፣ ይንሳፈፋል፣ በውኃ አልሄድ ይላል። የመጨረሻዋን ማንም ደፍሮ አይናገራትም። እሷ ናት ግን ዶክተሩን ከወንበሩ ቀና የምታደርገው።

አሁን አንድ ነገር ይመጣል። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ እንደተከለ፣ "ይጠጣሉ?" ይላል።

አንድ የዘጌ ሰውዬ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ኧረ እኔ መጠጥ በአፌ አይዞርም ዶክተር!" ሲሉ ሰማሁ። ዶክተሩ "አልኮል የለም" ብሎ ጻፈ። እኔ ግን የገጠር ልጅ ነኝ። "ጋሼ፣ ጠላስ?" አልኳቸው። ተቆጡ። "ጠላ መጠጥ ነው እንዴ? ጠላማ ምግብ ነው!" ጌሾ በጓሯቸው የሚበቅል ሰው፣ ሰንበቴ፣ ማኅበር፣ ተዝካር የማይቀርባቸው ሰው። አረቄውንም በብርድ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። የሌላ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ዋሹ ይላል። አልዋሹም፤ ጥያቄው ነው የተበላሸው። የምትጠጡትን በስሙና በጣሳ ቁጥር ተናገሩ፤ ሲጋራም ካለ ጨምሩ፤ ሲጋራ ብቻውን ቆሽትን እንደሚጎዳ ብዙ ሰው አያውቅም። በሌላ በኩል ጠብታ ያልቀመሰ ሰውም ይታመማል። በዘር የሚመጣ አለ፣ ቱቦው ተዘግቶ የሚመጣ አለ፣ ምክንያቱ ጨርሶ የማይታወቅም አለ። "ሰካራም ይሉኛል" ብላችሁ የምትደበቁ እናቶች፣ ኑ፣ አትፍሩ።

ወደ ደም እንግባ። አሚሌዝና ሊፔዝ። ቆሽት ሲቆጣ ወደ ደም የሚረጫቸው ኢንዛይሞች ናቸው። ለአጣዳፊው ሕመም ግሩም ምርመራ ነው፤ ከጤነኛው ጣሪያ በ3 እጥፍ ካለፈ ነገሩ ይታወቃል። ሥር ለሰደደው ግን? እዚህ ላይ ነው ቀልዱ። ቆሽቱ ብዙ ከተጎዳ የሚረጨው ነገር ራሱ አልቆበታል። ውጤቱ "ኖርማል" ሆኖ ይመጣል፤ በሽተኛው ግን እያቃሰተ ነው። ሌላም አለ። አሚሌዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል። ከደቅ ደሴት ሰው ታሞ፣ ጀልባ ጠብቆ፣ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት አድሮ፣ ተራ ይዞ ክንዱን እስኪሰጥ ድረስ አሚሌዙ ቤቱ ገብቷል። ሊፔዝ ትንሽ ትዕግሥት አለው፤ ሳምንትና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። አንዱን ብቻ መክፈል ከቻላችሁ ሊፔዝ ይሁን። አሚሌዝ ደግሞ ከምራቅ ዕጢም ስለሚመጣ ጆሮ ደግፍ የያዘው ልጅ እንኳ ከፍ ያደርገዋል።

አሁን የኔ ቤት። አልትራሳውንድ።

ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ጨረር የለውም፣ የትም አለ። ሁሉም በእሱ ይጀምራል፤ ትክክልም ነው። ግን አንድ ጠላት አለው፤ አየር። ቆሽት ከጨጓራና ከአንጀት ጀርባ ስላለ፣ አንጀታችሁ አየር ከሞላ የክረምት ጣና ውስጥ ዓሣ እንደመፈለግ ነው፤ ዓሣው አለ፣ ውኃው ነው የደፈረሰው። አሁን አስቡት፤ ሁዳዴ ነው። ቁርስ የለም፣ ምሳ ሽሮ፣ እራት ክክ፣ መክሰስ ባቄላ ቆሎ። ጠዋት ሆዳችሁን አስነፍታችሁ ትመጣላችሁ። ራዲዮሎጂስቱ ጄሉን ቀብቶ ይጫናል፣ ያገላብጣል፣ ይተነፍሳል። ከዚያ ይጽፋል።

ምን ብሎ እንደሚጽፍ ልንገራችሁ? ይቺን ልብ በሏት። ሁለት ዓይነት ዓረፍተ ነገር አለ። አንደኛው "ቆሽት ጤናማ ነው" ይላል። ሁለተኛው "ቆሽት በአንጀት አየር ምክንያት በደንብ አልታየም" ይላል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ተጽፈው፣ በትናንሽ ፊደል፣ ከጉበትና ከኩላሊት መሀል ተሸጉጠው ይመጣሉ። በሽተኛው ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ኮሪደር ላይ ልጁ ያነብለታል፤ "አባዬ፣ ምንም የለም ነው የሚለው!" ቤተሰቡ እልል ይላል። እኔ ከበሩ ላይ እያየሁ ምላሴን እነክሳለሁ። ምንም የለም አላለም። አላየሁም ነው ያለው። ስንት ሰው በዚች መስመር ምክንያት ሁለት ዓመት ኦሜፕራዞል እንደዋጠ ብነግራችሁ ቆሽታችሁ ያርራል።

ስለዚህ ወረቀቱን ስትቀበሉ "ቆሽቴ ታየ ወይስ አልታየም?" በሉ። ይህችን ብቻ። አልታየም ካሉ ሌላ ቀን በባዶ ሆድ መመለስ ይቻላል። ከቀጠሮው በፊት ለሰባት ስምንት ሰዓት አለመብላት፤ ማስቲካም አለማኘክ፣ አየር ያስውጣል። ጎበዝ ባለሙያ ከሆነ ደግሞ አንድ ዘዴ አለው፤ እዚያው ውኃ ያጠጣችሁና በውኃ በሞላው ጨጓራ መስኮትነት ወደ ቆሽት ያያል። ወይም ቁጭ ያደርጋችኋል። እሱ ሳይል ግን ውኃም ጠበልም ጠጥታችሁ እንዳትመጡ፤ መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው።

አልትራሳውንድን አትናቁብኝ ደግሞ። አንዳንዴ ሌላው ማሽን የማያሳየውን ቲያትር ያሳያል። ወስፋት ወደ ቱቦው ገብቶ፣ ሁለት ትይዩ መስመር ሆኖ፣ በስክሪኑ ላይ ሲላወስ! ያን ቀን ክፍሉ በተማሪ ይሞላል። በሽተኛዋ ግን "ምን አገኛችሁ?" ብላ ብትጠይቅ ሁሉም ጣሪያ ያያል።

ራጅ? ቶሎ ልለፈው። የሆድ ራጅ ቆሽት ውስጥ የካልሲየም ጠጠር ካለ ነጭ ነጠብጣብ አድርጎ ያሳያል። ከታየ፣ በጥቂት ብር ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ካልታየ ግን ምንም አልተባለም፤ አብዛኛው በሽተኛ ራጅ ላይ የሚታይ ጠጠር የለውም።

እዚህ ላይ ግን ከሐይቁ ማዶ ያለ አንድ ታሪክ ሹክ ልበላችሁ። ጎንደር ላይ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ያስገርማቸው ነበር። ከገጠር የሚመጡ፣ ድኾች፣ ከሲታዎች፣ ኢንሱሊን ካላገኙ የማይቆሙ የስኳር ሕመምተኞች። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ላይ ጉዳዩን ጽፈው፣ "ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር እንደገና መዝገቡን እንክፈት ወይ?" ብለው ጠየቁ። ለምን እንደገና? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ለዚህ ዓይነቱ ስኳር የራሱ ክፍል ሰጥቶት ነበር፤ ከሁለቱ ንዑስ ክፍሎች አንዱ ደግሞ ቆሽታቸው በጠጠር የተሞላ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ክፍሉ ተሰረዘ፤ ባለ ጠጠሮቹ ወደ ቆሽት በሽታዎች መደብ ተዛወሩ። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት የሚመጣውን "ዓይነት 5" ብሎ መልሶ ተቀበለው። መዝገቡ ተከፈተ ማለት ነው። ለናንተ ምን ይጠቅማል? ቀጭን ሆኖ፣ ሆዱን እያመመው፣ ስኳር የያዘው ዘመድ ካላችሁ፣ ስኳሩን ብቻ እየለካችሁ አትሩጡ፤ "ቆሽቱስ ታይቷል?" በሉ። በተቃራኒው ደግሞ የቆሽት ሕመም የታወቀበት ሰው በየዓመቱ ስኳሩን ይለካ፤ ቆሽት ሲደክም ኢንሱሊኑንም ይዞ ነው የሚደክመው።

እሺ፣ ሲቲ ስካን። አሁን ወደዚያች ወረቀት ደረስን።

ሲቲ ሊታዘዝላችሁ ሲል ኩላሊታችሁን በደም ይፈትሻሉ፤ ክሪያቲኒን ይሉታል። ምክንያቱ በደም ሥር የሚገባው ኮንትራስት የሚባል ቀለም ነው። ሲገባ ሰውነታችሁ ሙቀት ይለቃል፣ ሽንት ያመለጣችሁም ይመስላችኋል። አላመለጣችሁም። ይሄን አስቀድሞ የሚነግር ስለሌለ ስንት ትልልቅ ሰው በኀፍረት ቀልቷል መሰላችሁ! እኔ እነግራለሁ።

የሲቲው ኃይል ጠጠር ማየት ነው። የተበላሸ ቅርጽ፣ የሰፋ ቱቦ፣ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ "ካንሰር ይሆን?" የሚለውን ጥያቄ ማየት ነው። ጅምሩን ሕመም ግን ያልፈዋል። ቁልፉ ይሄ ነው፦ ኮንትራስቱ ከገባ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ቆሽት ይደምቃል። ከ70 ሰከንድ ገደማ በኋላ ደግሞ ጉበት። ፎቶው በየትኛው ሰዓት ይነሳ? ይህን የሚወስነው የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምክንያት ነው! ሐኪሙ በችኮላ "የሆድ ሕመም" ብሎ ከጻፈ ተራውን የሆድ ፎቶ ታገኛላችሁ። "ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ይሆን? ለሁለት ዓመት ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም፣ ክብደት መቀነስ" ብሎ ከጻፈ ግን ፎቶውም ይለወጣል፣ የሚያነበውም ሰው ዓይን ይለወጣል። ያው ማሽን፣ ያው ብር፣ ሌላ መልስ። ማሽኑ የተጠየቀውን ነው የሚመልሰው። እኔ ስንቱን ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ያቺ መስመር ባዶ ሆና፣ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ተወርውሮባት! ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት "ዶክተር፣ እባክዎ ቆሽት የሚለውን ይጻፉልኝ" በሉ። በትሕትና። በሽተኛ ሲያዘው የማይወድ ሐኪም አለ፤ ፈገግ ብላችሁ ከሆነ ግን ይጽፋል።

ሁለተኛው ትንሽ ምስጢር፦ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ተቀበሉ። ወረቀቱ የአንድ ሰው አስተያየት ነው። ፊልሙ ማስረጃው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሌላ ዓይን ያንኑ ፊልም አይቶ ሌላ ነገር ሊያገኝ ይችላል፤ ወረቀት ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን "እንደገና አሠሩ" ትባላላችሁ። አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ትልቅ ፖስታ በብብቱ ይዞ የሚሄድ ሰው ስታዩ፣ እሱ ምክሬን የሰማ ነው።

የጤና መድን ደብተር ያላችሁ ደግሞ መሰላሉን አትዝለሉ። ይሄ መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞከር ከጀማሪዎቹ ወረዳዎች መካከል የኛው ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ፤ ስለዚህ የጣና ዳር ሰው ያውቀዋል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ፣ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን የደረሰ ሰውና በቀጥታ የመጣ ሰው ካሸሩ ጋ አንድ አይደሉም። እና ያቺን አስፈሪ ቃል ታውቋታላችሁ፤ "ከውጭ አሠሩት።" በዚያን ጊዜ ከኪስ ነው። ስለዚህ "ከውጭ" ሲሏችሁ "ይሄ ምርመራ ውሳኔውን ይለውጠዋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የማይለውጥ ከሆነ ብሩን ለመድኃኒት ያዙት።

ኤምአርአይ። በተለይ ቱቦዎቹን የሚያሳየው ኤምአርሲፒ የሚሉት። ይንኳኳል፣ ይጮኻል፣ ጠባብ ነው፤ ጨረር ግን የለውም። ብረት አይወድም፤ የአንገት መስቀል ይወልቃል፣ የማተቡ ክር ይቀራል። ይሄን በትሕትና ካልነገርናቸው ከእማሆይ ጋር ጦርነት ነው። ኤምአርአይ የቆሽትን ቱቦ ከነቅርንጫፉ አሳምሮ ያሳያል፤ ጠጠርን ግን ደህና አድርጎ አያይም። ሲቲ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ለዚህ ነው "ሲቲ አሠርቼ ለምን ኤምአርአይ ታዘዘብኝ? ሊበሉኝ ነው!" የምትሉት አንዳንዴ እውነት የማይሆነው።

ከዚህ ጋር የሚያስቀኝ ነገር አለ። የአንጀት ፈሳሽ ፎቶውን እንዳይሸፍን፣ በዓለም ላይ ብዙ ቦታ በሽተኛውን ምን እንደሚያጠጡት ታውቃላችሁ? የአናናስ ጭማቂ! በውስጡ ባለው ማንጋኒዝ ምክንያት የአንጀቱ ፈሳሽ በፎቶው ላይ ይጠፋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ማሽን፣ ከጎኑ የአናናስ ጁስ። ይበልጥ የሚፈልጉት ደግሞ ሴክሬቲን ይወጋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ቤይሊስና ስታርሊንግ ለንደን ላይ ያገኙት፣ ሆርሞን ለሚባል ነገር ሁሉ በኩር የሆነው ንጥረ ነገር። ሲወጋ ቆሽት ጭማቂውን ይለቃል፣ ቱቦው ይነፋል፣ ፎቶው ይጠራል። መጽሐፍ ላይ ያማረ ነው። እኔ በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ አላየሁትም።

የላይኛው ፎቅ ደግሞ ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ነው። ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ቱቦ በአፍ ይገባና ከጨጓራ ግድግዳ ላይ ሆኖ ቆሽትን ከአፍንጫው ሥር ያየዋል። አየር አያግደውም። ይህን የለመዱ እጆች በአገራችን ጥቂት ስለሆኑ ሪፈሩ ወደ አዲስ አበባ ያመለክታል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የማይነገረውን ስሙ። ይሄ ማሽን አንዳንዴ ከመጠን በላይ ያያል። ዕድሜ የገፋ፣ ወይም ሲጋራ ያጨሰ ሰው ቆሽት ላይ ጥቂት ክር መሳይ መስመር አይቶ በሽታ ሊለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮዝሞንት የሚባል መመዘኛ የወጣው የባለሙያዎቹን ዓይን ለማስማማት ነበር። ዛሬም ሁለት ባለሙያ አንድ ቆሽት አይተው የሚለያዩበት ጊዜ አለ።

ኢአርሲፒስ? ድሮ ንጉሥ ነበር። ቱቦውን በቀለም ሞልቶ ፎቶ ያነሳል። ግን ራሱ ቆሽትን ያስቆጣል፤ ከ100 ሰው ከ3 እስከ 10 የሚሆኑት ከሂደቱ በኋላ አጣዳፊ የቆሽት ብግነት ይይዛቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ጠጠር ለማውጣትና ቱቦ ለመክፈት እንጂ ለማየት ብቻ አይሠራም። "ለምርመራ ብቻ ኢአርሲፒ" ያላችሁ ሰው ካለ ምክንያቱን ሁለት ጊዜ ይንገራችሁ።

አሁን የጠየቃችሁኝን ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ 43 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ አለ። ሕመሙ ካለባቸው 100 ሰዎች አልትራሳውንድ 67ቱን ያገኛል። ሲቲ 75። ኤምአርአይ 78። ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ 81። ኢአርሲፒ 82። አያችሁት? ዋጋው በስንት እጥፍ ሲዘል ቁጥሩ ስንት እርምጃ ብቻ እንደሚራመድ! ሳቅ አይመጣባችሁም? ገና አላለቀም። ሕመሙ የሌለባቸውን 100 ሰዎች "የለባችሁም" ብሎ በትክክል የሚያሰናብተው ማን ነው? ያ ርካሹ አልትራሳውንድ፤ 98ቱን። ኢንዶስኮፒኩ 90። እንግዲህ የኛ ደሀ ማሽን "አየሁ" ካለ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ "አላየሁም" ካለ ነው የማይታመነው። ውዱ ማሽን ደግሞ ብዙ ያያል፣ አንዳንዴም የሌለውን። ገና የጀመረውን ሕመም ያለ ጥርጥር የሚይዝ ማሽን ግን ባሕር ዳርም የለም፣ ለንደንም የለም። ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም አንዳንዴ "ከስድስት ወር በኋላ እንየው" የሚላችሁ፤ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

ሲኤ 19-9 የሚባል የደም ምርመራ ወረቀታችሁ ላይ ካያችሁ ደግሞ ከመደንገጣችሁ በፊት እኔን አስታውሱ። የካንሰር ምልክት ነው ይባላል። ግን የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ቆሽት ሲቆጣም ከፍ ይላል። በዚያ ቁጥር ብቻ በሬ ሸጦ ለቀብር የተዘጋጀ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ ሰውየው ዛሬም በባጃጅ ያልፋሉ፣ ሰላም ይሉኛል።

በመጨረሻ ወደዚያች ማንም ስሟን ወደማይጠራት ምርመራ። ሰገራ። ቆሽት ቅባት የሚፈጭበትን አቅም 90 በመቶ ገደማ እስኪያጣ ድረስ ሰገራ ላይ ቅባት አይታይም፤ ስለዚህ ቅባት ካያችሁ ጉዳዩ ቆይቷል ማለት ነው። የድሮው መለኪያ በቀን 100 ግራም ቅባት እየበሉ የ3 ቀን ሰገራ ማጠራቀም ነው። የሦስት ቀን! በቤተሰብ መሀል! ያውም በጾም ሥጋና ቅቤ የለ፤ 100 ግራም ማለት ሰባት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ገደማ ነው፤ በዛሬ የዘይት ዋጋ። ማንም አያደርገውም፤ ላብራቶሪውም አይወደውም።

የአሁኑ ዘዴ ኢላስቴዝ የሚባለውን የቆሽት ኢንዛይም ሰገራ ላይ መለካት ነው። አንድ ትንሽ ናሙና ይበቃል፣ ለቀናት ሳይበላሽ ይቆያል። በግራም ከ200 ማይክሮግራም ከወረደ ቆሽት ደክሟል፣ ከ100 ከወረደ በጣም ደክሟል። ናሙናው ግን የረጋ ይሁን። ጃርዲያ ወይም አሜባ ይዟችሁ እንደ ውኃ የሆነ ነገር ከሰጣችሁ ኢላስቴዙ ይቀጥንና ጤነኛውን ቆሽት በሽተኛ ያስመስላል። መጀመሪያ ተቅማጡን ታከሙ። አንዳንድ ላብራቶሪዎች ናሙና ሰብስበው ሌላ ቦታ፣ አልፎ አልፎም ከአገር ውጭ ይልካሉ። እናንተ ቪዛ ስትከለከሉ እሱ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ምን ታደርጉታላችሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይሄን ደግሞ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ነው መስማት ያለባችሁ። ኢላስቴዙ ዝቅ ካለ የሚታዘዘው የኢንዛይም እንክብል የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። እዚህ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል የሚደነግጥበት ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እንክብሉ ተገዝቶ፣ ተበልቶ፣ ግማሹ ካለቀ በኋላ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ የልጅ ልጅ ብልቃጡን ሲያነብ ነው። ከዚያ ቤቱ ይታወካል፤ መድኃኒቱ ይጣላል፤ ለሐኪሙ ግን የሚነግረው የለም፤ እሱ "አልሠራም" ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ስለዚህ ብር ሳትከፍሉ ሐኪሙን ጠይቁ፣ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን አማክሩ። እሺ ካላችሁ በባዶ ሆድ አትዋጡት፤ ከምግቡ ጋር ነው፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ። ኢላስቴዙ ይደገም ቢባልም እንክብሉን አታቁሙ፤ በብዛት የሚሠራበት ምርመራ የሚቆጥረው የሰውን ኢላስቴዝ ነው፣ የአሳማውን አያውቀውም።